የፓርኩ ሩቅ ጎረቤቶች

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የሆሳዕና መናኸሪያ ጭቃ ገና አይደርቅም። ጎህ ሳይቀድ ረዳቶቹ «ሀላባ! ሻሸመኔ! ሀዋሳ!» እያሉ ይጣራሉ። ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ከወላጆቹ ጋር አሳልፎ ወደ እንጀራው የሚመለስበት ሰሞን ነው። ከሌሞ ገጠር በእግር የመጡ አሉ፤ ከጃጁራና ከፎንቆ በባጃጅና በሚኒባስ የደረሱም አሉ። በዱራሜና በሺንሺቾ መናኸሪያም በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ሰልፍ ይታያል። የወጣት ሴቶቹ ጓዝ አንድ ዓይነት ነው፦ በጀርባ የምትታዘል ቦርሳ፣ በእጅ የተጠቀለለ የስልክ ቻርጀር፣ አፉ በሲባጎ የተሰፋ ማዳበሪያ። ቦርሳው የልጅቷ ነው። ማዳበሪያውን የሞላችው እናቷ ናት።

ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ሽታው ይናገራል። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የገብስ በሶ፣ ቤቱ ላም ካለው ደግሞ በላስቲክ ዕቃ የታሸገች ትንሽ ቅቤ። አንዲት የስፌት ሠራተኛ ከበዓል በኋላ ያሉትን ሳምንታት የምትገፋው በዚህ ነው። ስለ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነገር የሼዱ ብዛት፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የሥራ ዕድሉ ይነሳል። ስለዚህ ማዳበሪያ ግን በምረቃ ንግግር ላይ ማንም አያነሳም። እኔ ስለ እሱ መጻፍ የፈለግሁት ፓርኩን አብሮ የተሸከመ ስለሆነ ነው።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ግንባታውን የቻይናው ሲሲኢሲሲ ኩባንያ በዘጠኝ ወር ጨረሰው፤ ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ቀድሞ ገባ፤ የእስያ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት አምራቾች ተከተሉት። በ52ቱ ሼዶች በሙሉ አቅም 60 ሺህ ሰው እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሆሳዕና መመለስ ይበጃል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የሆሳዕና ከተማ ነዋሪ 70 ሺህ አይሞላም ነበር። በዕቅዱ መሠረት አንድ ሆሳዕናን የሚያህል ሕዝብ ተነስቶ ሀዋሳ ላይ ሊሰፍር ነው ማለት ነው። ሆሳዕናን የሚያህል ሕዝብ ደግሞ ቤት፣ ቦኖ፣ ሽንት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ፣ የመንገድ መብራት ይፈልጋል። ፓርኩ በዘጠኝ ወር ቆመ። ሠራተኛው የሚያድርበት ግን አብሮ አልተሠራም።

ልጆቹ ያደሩት ከተማው ባገኘላቸው ቦታ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ባለግቢዎች ከጓሯቸው በጭቃና በቆርቆሮ ክፍሎችን ቀጣጠሉ። በአንድ ጠባብ ክፍል ሦስት አራት ሆኖ መከራየት የተለመደ ሆነ። ፍራሹ ቀን ቀን ግድግዳ ይደገፋል፤ ልብስ በገመድ ይሰቀላል፤ የከሰል ምድጃው ከበር ውጭ ነው። ሽንት ቤቱ ለግቢው ሁሉ አንድ ነው። ውሃ በወረፋ ይቀዳል፤ የወረፋው ሰዓት ከፈረቃው ሰዓት ጋር ሲጋጭ በጄሪካን ይገዛል። ኪራዩ የፓርኩ ደመወዝ በተነሳ ቁጥር ይነሳል፤ ደመወዙ ባልተነሳበት ወርም ይነሳል። በዚህ አከራዩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ብዙዎቹ እነሱም በጡረታ ወይም በጥቃቅን ንግድ የሚኖሩ ናቸው። የኗሪዎቹ ልጆች ራሳቸው ቤት ለመከራየት ከስፌት ሠራተኛዋ ጋር መጋፋት ጀመሩ፤ የጤና ጣቢያውና የውሃው ወረፋም ለነባሩም ለመጤውም ረዘመ። ሀዋሳም ያልተዘጋጀችበትን ሸክም ነው የተሸከመችው።

የምሽት ፈረቃ ሲለቀቅ ሰርቪስ አውቶቡስ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳል። ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለው ጨለማ የልጅቷ ነው። ስልካቸውን የተነጠቁ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባቸው አሉ። ለዚህ ነው ሆሳዕና ያለችው እናት ማታ ስትደውል መጀመሪያ «በላሽ?» የማትለው። «ገባሽ?» ነው የምትለው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ጥናት ስለ ሀዋሳ ሠራተኞች ዓለም የሰማውን ቁጥር ጻፈ፦ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95፣ የኬንያ ሠራተኛ 207 ዶላር ታገኛለች። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ጠቅላላ ሠራተኛቸውን የሚያህል ሰው እንደሚለቅባቸውም ጥናቱ ይናገራል። አሠሪዎች ሲጠየቁ ልጆቹ ለፋብሪካ ሥራ አዲስ ናቸው፣ ሥነ ሥርዓት አልለመዱም ይላሉ። እኔ ግን ከልጆቹ ልምድ በፊት ሒሳቡን አያለሁ። ከ750 ብር የክፍሉን ድርሻ፣ የሳሙናና የንጽህና መጠበቂያውን፣ የስልክ ካርዱን፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ገበያ የሚወስደውን ባጃጅ ቀንሱ። ምግብ ከዚህ ውስጥ አይወጣም። ምግቡ የመጣው በማዳበሪያው ነው።

ቆጮ ደግሞ ነፃ ምግብ አይደለም። እንሰት ከችግኝ እስከ መፋቂያው ሦስት አራት ዓመት፣ በደጋው ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከተቆረጠ በኋላ የሚፋቀው፣ የሚጨመቀው፣ ጉድጓድ ገብቶ ለወራት የሚብላላው በሴት እጅ ነው። በሀዲያና በከምባታ ሴቶች ተሰባስበው አንዱ ጓሮ ላይ እየፋቁ፣ ነገ ደግሞ ወደ ሌላው እየዞሩ ነው የሚጨርሱት። በዚያ ማኅበር ውስጥ የጠነከረ ክንድ ያላት የ18ና የ19 ዓመቷ ልጅ ነበረች። አሁን እሷ ሀዋሳ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣለች። እናቷ በጎደለ እጅ ትፍቃለች፤ የፋቀችውን ደግሞ ለሄደችው ልጅ ትልካለች። ስለዚህ በአሜሪካ መደብር የሚሰቀለው ሸሚዝ ርካሽ የሆነው በሀዋሳ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የሌሞና የአንጋጫ የእንሰት ጓሮም አስተዋጽኦ አለበት። የዚያን ጓሮ ድርሻ በሒሳብ መዝገብ ላይ የጻፈ የለም።

ጉልበትን ለሩቅ ፋብሪካ መላክ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ከሀዋሳ ሥልሳ ዓመት በፊት ወንጂ ነበረ።

የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማምቶ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሸዋ ፋብሪካ ተከተለ፤ ከዚያ መተሐራ። አገዳውን የሚቆርጠው ማን ይሁን ሲባል መልሱ የመጣው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ነው። ምክንያቱ የመሬቱ ጥበት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል፣ ሀዲያ ከ340 በላይ ሰው ነበረው። በገጠር እንዲህ የተጨናነቀ ቦታ በኢትዮጵያ ብዙ የለም። አባት ለአራት ወንድ ልጆች የሚያካፍለው ማሳ ሲያልቅ ካቦው ይመጣል፣ ስም ይመዘግባል፣ ወንዶቹ በጭነት መኪና ይሄዳሉ። በከምባታ ሽማግሌ ቤት የወንጂ ዘመን ሲነሳ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበሰው፣ ጥሎሽ የከፈለው፣ በሬ የገዛው የአገዳ ገንዘብ እንደሆነ ይነገራል።

ወንጂ ላይ ኩባንያው ቤት ሠርቷል። ለቋሚው ሠራተኛ መኖሪያ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ነበረ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ያለፉ ብዙ ምሁራን አሉ። ለወቅታዊው አገዳ ቆራጭ የደረሰው ግን በረድፍ የተሠራ ጠባብ ማደሪያ ነው። እዚያ የተጨናነቀው አብዛኛው የእኛ አካባቢ ሰው ነበር። ይህን ልዩነት መርሳት አይገባም። ሆኖም ከመጀመሪያው የታሰበ አንድ ነገር ነበር፤ የሚሠራ ሰው የሚያድርበት ጣሪያ ያስፈልገዋል የሚለው። በዚህ ነጥብ የ1946ቱ ፋብሪካ ከ2008ቱ ፓርክ ቀድሞ ነበር ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ወንጂ ሌላም ትምህርት ትታልናለች። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ለረጅም ዓመታት ያንን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች መጀመሪያ ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ የአንዳንዶቹ አከርካሪ ደረቀ፣ አንገት ማዞርና ማጎንበስ ከበዳቸው። ሐኪሞች ጉዳዩን አጥንተው ጽፈውበታል፤ ፍሎራይዱን ለመቀነስ የማጣሪያ መሣሪያ የተተከለውም በወንጂ ነው። በጡረታ የወጣ ሰው ግን የታመመ አጥንቱን ይዞ የሚመለሰው ወደ ትውልድ መንደሩ ነው። የሚያስታምመው ኩባንያው ሳይሆን ሚስቱና ጎረቤቱ ናቸው። ሠራተኛው የጠጣበት ጉድጓድ አንድ ቦታ ሆኖ፣ የጉድጓዱ ጠንቅ የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። የፋብሪካ ጎረቤት አጥር የሚያዋስነው ሰው ብቻ አለመሆኑ ያኔም ታይቷል።

ሀዋሳ ላይ ውሃው ታስቦበታል። ፓርኩ የቀለም ፍሳሹን ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ዘመናዊ ጣቢያ ተተከለለት፤ ከፍሳሹ የሚበዛውን ክፍል መልሶ ሥራ ላይ ያውላል። ለሐይቁ የተደረገ ትልቅ ጥንቃቄ ነው፣ ያስመሰግናል። ጨርቅ ያጠበው ውሃ የት እንደሚሄድ በዚህ ደረጃ ካሰብን፣ ጨርቁን የሰፋችው ልጅ ከፈረቃ ወጥታ የት እንደምትሄድ ማሰብ ለምን አቃተን? ይህ ጥያቄ ከወንጂ ጀምሮ ይከተለኛል።

የምልመላው መንገድ ራሱ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። ፓርኩ ሠራተኛ ሲፈልግ የያኔው የደቡብ ክልል በየዞኑ ምዝገባ ከፈተ። ወጣት ሴቶች በቀበሌያቸው ተመዘገቡ፣ የእጅ ቅልጥፍናቸው ተፈተነ፣ አጭር ሥልጠና ወስደው ለፋብሪካዎች ተከፋፈሉ። ልጆችን ከሆሳዕናና ከዱራሜ ገጠር ፈልጎ ለማግኘት ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ዞኑ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ ሀዋሳ ከደረሱ በኋላ ግን ያ ሰንሰለት ተቋረጠ። የላከው ወረዳ የት እንዳሉ አይጠይቅም፤ የተቀበለው ቀበሌም እንደ ነዋሪ አይቆጥራቸውም። መታወቂያ የሌላት ተከራይ ደግሞ ስትዘረፍም ስትታመምም ጉዳይዋን የምታስረዳው ከሩቅ ቆማ ነው።

በዚህ መሃል የቆመው የአገሬው የራሱ ሥርዓት ነው። «ሴራ» የሚለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማ ተንኮል ይመስለዋል። በሀዲያና በከምባታ ቋንቋ ግን ሴራ ሕግ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚገባው ግዴታ፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የሞተ የሚቀበርበት ደንብ። ልጆቹ ሀዋሳ ሲደርሱ ቤት ያገኘችላቸው ቀድማ የሄደች የመንደር ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ወር ያለ ኪራይ ያሳደረቻቸው እሷ ናት። አንዷ ስትታመም በሚኒባስ አሳፍረው ወደ ቤት የሚልኳት፣ ስትሞት አስከሬኗን የሚሸኙት ከአንድ ወረዳ የመጡ ልጆች አዋጥተው ነው። በየወሩ መቶ ሁለት መቶ እየጣሉ ዕቁብ ይገባሉ፤ ዕጣው ሲወጣ ለወንድም የትምህርት ቤት ልብስ ይሆናል። መንግሥትና ባለሀብት ያልዘረጉትን ማኅበራዊ አገልግሎት እነዚህ የ20 ዓመት ልጆች ከአገር ቤት ይዘው በመጡት ደንብ ዘረጉት። በዚህ እኮራለሁ፤ መቆጨቴ ግን አልቀረም።

ልጅ ሲወለድስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጥሩ ሕግ ነው። 90ው ቀን ሲያልቅ ግን አራት ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ሕፃኑን የሚይዝ የለም፤ የሕፃናት ማቆያ የሚከፈልበት ገንዘብም የለም። ስለዚህ ሕፃኑም በዚያው አውቶቡስ ወደ ሆሳዕና ይመለሳል። አያቱ ያሳድጉታል፤ ሲታመም በዱራሜ ወይም በሆሳዕናው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሳክሙታል። ከዚህ አገር ተነስታ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ለነገሠችው የሀዲያ ልጅ መታሰቢያ በሆነው ሆስፒታል ወረፋ የሚይዙት እኒያ አያት፣ በሒሳብ ከታየ የፓርኩ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም።

የግብሩም ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ፓርኩ ሲከፈት ሀዋሳም ሆሳዕናም በአንድ ክልል ሥር ነበሩ፤ ግብሩ ቢያንስ በመርህ ወደ አንድ ካዝና ይገባ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ የራሱን ክልል መሠረተ፤ ይህ የሲዳማ ሕዝብ መብት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷን ያስተማረው ትምህርት ቤት በአንድ ክልል፣ ግብሯን የሚሰበስበው ቢሮ በሌላ ክልል ሆነ። በሁለቱ መካከል ስለ ኪራይዋ፣ ስለ መታወቂያዋ፣ ስለ ሕክምናዋ የሚነጋገር ጠረጴዛ መዘርጋት ነበረበት።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በእሱ ሳቢያ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ተጠቃሚነት አገደች። ፒቪኤች አስቀድሞ በኅዳር ሀዋሳ ያለውን የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ፓርኩ አልተዘጋም፤ ትእዛዝ ያነሰባቸው ፋብሪካዎች ግን መስመር ቀነሱ። በዋሽንግተን የተፈረመው ውሳኔ ሆሳዕና የደረሰው ማዳበሪያ ሳይዙ በወረዱ ልጆች ነው። ቀደም ሲል በኮሮና ጊዜ የተመለሱም ነበሩ። ፋብሪካ ሲከፈት የላከችው ከተማ፣ ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ የምትቀበለውም እሷ ናት። ለተመላሽ የተዘጋጀ ሥራም ሆነ ሥልጠና አልነበረም። የነበረው የእናት ቤት ነው።

የተመለሱት ልጆች ወንድሞቻቸው የሄዱበትን መንገድ ማየታቸው አይቀርም። ከሆሳዕና ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፎቆች ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሀዲያና የከምባታ ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ ወደ ጆሃንስበርግ ይጓዛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢኳ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ይህን ዜና የሆሳዕና ሰው የሰማው እንደ ሌላ አገር ወሬ አይደለም። መሬት የሌለው ወንድ ልጅ ደላላውን ሲያናግር፣ ሴት ልጅ ወደ ስፌት መስመር ስትሄድ፣ ሁለቱም የሚሸሹት ከዚያው ከተሸራረፈ ማሳ ነው። በ26 ዶላር ደመወዝና በኮንቴይነር መካከል ሌላ ምርጫ እንዲኖር ከተፈለገ ሥራው እዚሁ አጠገብ መምጣት አለበት።

አሁን ዕድሉ ያለ ይመስለኛል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹም በአንድ ቦታ ሳይከማቹ ዱራሜን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። የሀዋሳን የሚያህል ፓርክ በሆሳዕናም በዱራሜም የለም። ሆሳዕና ግን ሀዋሳ የደረሰባትን በትንሹ ቀምሳለች። የክልል ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ሲገባ ቤት ፈላጊው በዛ፣ ኪራዩ ተወደደ፣ ቀድሞም ይቆራረጥ የነበረው ውሃ ለብዙ ሰው መድረስ ነበረበት። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ሲያመጣ ከተማዋን እንዲሁ ፈትኗታል።

ስለዚህ ነገ በሆሳዕና ዳር የስንዴ ማቀነባበሪያ ወይም የስፌት ሼድ ይሠራ ሲባል፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አልጋው እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። ስንት ሰው ይቀጠራል ከተባለ ስንቱ የት ያድራል፣ ከየትኛው ቦኖ ይቀዳል፣ ከምሽት ፈረቃ በኋላ በየትኛው መንገድ ይሄዳል፣ ሕፃኑን ማን ይይዝለታል የሚለው በዚያው ሰነድ ላይ ይጻፍ፤ ወጪውንም ባለሀብቱና መንግሥት ይካፈሉት። ሠራተኛዋ ከመንደሯ ተመላልሳ የምትሠራበት ቅርበትና ትራንስፖርት ከተገኘ ግማሹ ችግር ሳይፈጠር ይቀራል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰንለታል ተብሎ በ1156ቱ አዋጅ የተጻፈውም በጊዜው ይፈጸም። ሆሳዕና ልጆቿን ወደ ሌላ ከተማ መላኳ እስካልቀረ ድረስ ደግሞ፣ የምትልክበት ከተማ ምን እንዳዘጋጀላቸው መጠየቅ መብቷ ነው።

መናኸሪያው ላይ ነግቷል። አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ልጅቷ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ እናት ከታች ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ታያታለች። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማዳበሪያውን በገመድ ካሰረ በኋላ ወርዶ የጭነት ሒሳብ ይጠይቃል። ልጅቷ ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል እናት በእጇ ትከለክላታለች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ለረዳቱ ትከፍላለች።